ዝም ያለ ሁሉ እሺ ብሏልን?

«ዝምታ የመስማማት ምልክት ነው» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። ሽማግሌ የተላከባት ልጃገረድ አንገቷን ስትደፋ «ፈቅዳለች» ይባልላታል። በዕድር ስብሰባ ላይ እጁን ያላወጣ ሰው «ተስማምቷል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይጻፍለታል። እኔም ራሴ በሥራ ዘመኔ ስንቱን ዝምተኛ ባለጉዳይ «ይኸው ተስማምቷል» ብዬ ወረቀት ላይ እንዳስፈረምሁ ቤት ይቁጠረው። አባባሉ እውነት ይሁን ሐሰት ቆም ብዬ የመረመርሁት ግን የገዛ አፌ ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። መናገር ያልቻለ ሰው ፈቃዱ የማን ነው? የሚወዱት ሰዎች ስለሚወዱት ብቻ ፈቃዱን ሊወስዱለት ይችላሉን?

የምኖረው ቃሊቲ ነው። ቃሊቲን የማያውቃት አዲስ አበቤ የለም፤ ሁሉም የሚያውቃት ግን በየምክንያቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የመጣባት አለ፤ ወደ ደብረ ዘይት ሲያልፍ በመስኮት ያያት አለ፤ የታሰረ ዘመዱን ሊጠይቅ ስንቅ ቋጥሮ የተመላለሰባትም አለ። እኔን ያመጣኝ ጉምሩክ ነው። ሙያዬ ትራንዚተርነት ነበር። ትራንዚተር ማለት ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ከመጋዘን እስኪወጣ ድረስ ከአስመጪው፣ ከፈታሹ፣ ከሾፌሩ፣ ከጫኝና አውራጁ ጋር የሚከራከር፣ የሚለማመጥ፣ የሚቆጣና የሚያስታርቅ ሰው ነው። እንጀራዬ ምላሴ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቤቴንም የሠራሁት በዚሁ ምላስ ባገኘሁት ገንዘብ ነው። በ1986 ዓ.ም. ስጀምረው ዙሪያው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር መረሬው ጭቃ ጫማችንን እየነጠቀ፣ ብሎኬቱን በአንድ ዓመት ሁለት ረድፍ፣ በሌላው ዓመት ሦስት ረድፍ እየጨመርሁ ነው ጣሪያ ላይ የደረስሁት።

ሕመሙ የመጣብኝ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ በየዓመቱ በዚያ ቀን በጭስ ይታሰባልና፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያነድድ ነበር። ቃሊቲ በፋብሪካዎቿ ጭስ ላይ ሌላ ጭስ ደርባለች። ደጃፌ ላይ ቆሜ የጎረቤት ልጆች እሳቱን ሲዘሉ ሳይ በቀኝ እጄ የያዝሁት የሻይ ብርጭቆ አመለጠኝ። ላነሣው ጎንበስ ስል ቀኝ እግሬ ከዳኝ። «ጭሱ ነው ያዞረኝ» ልል ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዘኝም። ልጄ ደግፋ አስገባችኝ። አፌ ወደ አንድ ጎን መጣመሙን ያየች ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አሸተተችኝ፤ ሌላዋ «መጋኛ እንዳይሆን ብቻ» አለች። ሁሉም የመሰለውን ካደረገልኝ በኋላ «ይተኙ፤ ሲነጋ ይሻላቸዋል» ተባለ። ተኛሁ። ሐኪም ፊት የቀረብሁት በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከዚያ ድረስ 13 ሰዓት አልፏል።

እነዚያ ሰዓታት ምን ማለት እንደ ነበሩ የገባን ከረፈደ በኋላ ነው። ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም ነው። ወይ የረጋ ደም ሥሩን ይደፍነዋል፤ ወይ ሥሩ ይፈነዳና ደም በአንጎል ውስጥ ይፈስሳል። ሁለቱን ከውጭ አይቶ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የሚለያቸው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ነው። መለየቱም የግድ ነው፤ ለረጋው ደም ማሟሚያ የሚሆነው መድኃኒት ደም ለሚፈስሰው ሰው መርዝ ነውና። ይህ መድኃኒት በየሆስፒታሉ የሚገኝ ባይሆንም፣ በተገኘበት ስፍራ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ትልቅ የደም ሥር ሲደፈን በእያንዳንዱ ደቂቃ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ ሐኪሞች አስልተዋል። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር በድንገት ሲታይ ዳማከሴ እስኪሸመጠጥ እንኳ መጠበቅ የለበትም። ጥፋቱ ደግሞ የጎረቤቶቼ አልነበረም። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል፤ ኪኒኑን «ደህና ነኝ» ብዬ በገዛ እጄ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ደም ግፊት የሚጎዳው ሳያሳምም ነው፤ ሰውም ያላመመውን አይፈራም።

* * *

ሐኪሙ «ስምዎን ይንገሩኝ» አለኝ። ስሜን አውቀዋለሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ አየዋለሁ ማለት ይቻላል። ከአፌ የወጣው ግን «እንግዲህ» የሚል ቃል ነው። «የት ነው የሚኖሩት?» «እንግዲህ።» «ምንዎን ያምዎታል?» «እንግዲህ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል ከዚህች ቃል በቀር በፈቃዴ የምጠራት ቃል አልነበረችኝም።

ሐኪሞች ይህን ነገር ከታወቀ ዘመናት አልፈውታል። በ1861 እ.ኤ.አ. ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል አንድ በሽተኛ ገጠመው። ሰውየው ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ሲኖር ለሚጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው «ታን» እያለ ነበርና የሆስፒታሉ ሰዎች ስሙን ትተው «ታን» ይሉት ነበር። በሞተ ጊዜ ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራ በኩል ወደ ፊት ያለው ክፍል መጎዳቱን አገኘ። ቃልን የማውጣት ችሎታ የተወሰነ ስፍራ እንዳለው የታወቀው በዚህ ነው። የግራው አንጎል የቀኙን አካል የሚያዝዝ በመሆኑም ቀኝ እጅና አንደበት ብዙ ጊዜ አብረው ይያዛሉ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የሚጎዳው ቃል የሚወጣበት በር እንጂ ቤቱ ላይሆን ይችላል። በሩ ስለ ተዘጋ ባለቤቱ ቤት ውስጥ የለም ማለት አይደለም።

እኔ ነበርሁ። የሚባለውን እሰማ ነበር። ነገር ሲረዝምና ሲወሳሰብ ይጠፋብኛል፤ አጭሩ ነገር ግን ይገባኛል። ደግሞ እንቆቅልሽ የሆነ ነገር ነበረ። «አባታችን ሆይ»ን ካስጀመሩኝ እስከ «አሜን» አደርሰዋለሁ፤ «ውሃ ስጡኝ» ማለት ግን አልችልም። «አራት» ለማለት ከፈለግሁ ከአንድ ጀምሬ እየቆጠርሁ አራት ላይ መቆም አለብኝ። በልማድ የተያዘው ጸሎትና ቁጥር በሌላ መንገድ ይወጣል አሉኝ፤ አዲስ ሐሳብ የሚወጣበት መንገድ ነው የተዘጋው።

እንባዬም እንደ ቃሌ ሐሰተኛ ሆነ። በሬዲዮ የሳሙና ማስታወቂያ ሰምቼ አለቅሳለሁ። ይህም ሕመሙ ያመጣው ነው፤ የስሜት ልጓም ይላላል። ቤተሰቦቼ ግን ባለቀስሁ ቁጥር «ምን አስታውሶ ይሆን?» እያሉ ይተረጉሙት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ቃሏ ራሷ ናት። ብሮካ ያገኘው ሰው ዕድለኛ ነበር፤ «ታን» ምንም ትርጉም የለውም። «እንግዲህ» ግን በአማርኛችን የዋዛ ቃል አይደለም። ሰው ሲሞት «እንግዲህ ምን ይደረጋል» እንላለን። ገበያ ላይ ዋጋ ሲቆረጥ «በል እንግዲህ» እንላለን። እንግዳ ሊነሣ ሲል «እንግዲህ ልሂድ» ይላል። ከተቃውሞ ይልቅ ወደ እሺታ ያዘነበለ ቃል ነው። እኔ በልቤ «ተዉ!» እያልሁ ስጮህ ከአፌ የሚወጣው የተሸነፈ ሰው ቃል ሆነ። ምነው «እምቢ» የምትለው ቃል ተርፋልኝ በነበረ እያልሁ ስንት ሌሊት አደርሁ መሰላችሁ!

* * *

በጥር ወር ልጆቼ ተሰበሰቡ። አልጋዬ ያለው ሳሎን ውስጥ ስለ ነበር ስብሰባው የተደረገው በእኔ ላይ ነው፤ ትራሴ አጠገብ ቡና እየተጠጣ። ታላቁ ልጄ «አባዬን ውጭ ሀገር ማሳከም አለብን» አለ። ህንድ ተባለ፤ ታይላንድ ተባለ። ገንዘብ ከየት ይምጣ ሲባል ቤቱ ተነሣ። ቤቱን ሸጦ፣ አባትን አሳክሞ፣ በተረፈው ኮንዶሚኒየም መከራየት። ታላቁ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ደንቆሮ እንደሚያናግር ሰው፣ «አባዬ፣ ቤቱን እንሽጠው አይደል?» አለኝ።

«እንግዲህ» አልሁ።

«ይኸው፣ እሱም ፈቅዷል» ተባለ። ባለቤቴ ብቻ ሲኒ እያጠበች «እሱ ለሁሉም እንግዲህ ነው የሚለው» አለች። ማንም አልሰማትም። እሷም ቤቱን በተመለከተ ምን እንደምታስብ የጠየቃት አልነበረም። አፏ ደህና ነው፤ የተዘጋው የእኛ ጆሮ ነበር።

ልጆቼን ልከስሳቸው አይደለም ይህን የምጽፈው። ከሚወድዱኝ የተነሣ የራሳቸውን ውርስ ነበር ሊሸጡልኝ ያሰቡት። ይህ እንደ ሆነ፣ ክፋት የሌለበት ነገር እንዴት በደል ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጠላት ፈቃድህን ሲነጥቅህ የምትለው ታውቃለህ። ወዳጅ እያለቀሰልህ ሲወስድብህ ግን በምን ቃል ትሟገተዋለህ? ያውም ቃል ሳይኖርህ!

በሳምንቱ ለታላቁ ልጄ ውክልና እንድሰጠው በታክሲ ጭነው ውልና ማስረጃ ወሰዱኝ። ወረፋው ረጅም ነው። ተራችን ሲደርስ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ወረቀቱን አነበበችልኝና ወደ ልጄ ሳይሆን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ይህን ውክልና የሚሰጡት ፈቅደው ነው?» አለችኝ።

«እንግዲህ» አልሁ።

ልጄ በእፎይታ «ይኸው» አላት። እሷ ግን ብዕሩን አላነሣችም። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝና «አባባ፣ አይፈልጉም ማለት ነው?» አለች።

«እንግዲህ።»

«አባባ፣ አሁን ያለነው ጎንደር ነው?»

«እንግዲህ።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው እያጉረመረመ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ለልጄ መለሰችለት። «ይቅርታ፤ ይህን እሺ ብዬ ልቀበለው አልችልም። ሲሻላቸው ይዘዋቸው ይምጡ» አለች። ሦስት ጥያቄ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ወስዷል። ታክሲ ውስጥ ገብቼ አለቀስሁ። ልጄ ጉዳዩ ሳይሳካ በመቅረቱ የተከፋሁ መስሎት «አይዞህ አባዬ፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» አለኝ።

የተከፋሁት ቤቱ ሊሸጥ ስለ ነበር ብቻ አይደለም። ከመታመሜ በፊት በደንብ ቢያስረዱኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምናልባት እሺ እል ነበር። እኔን ያስለቀሰኝ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ማግኘቴ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። የሚፈልገውን መልስ የሚመስል ድምፅ ሲሰማም ያቆማል። ሁለተኛውን፣ የተገላቢጦሹን ጥያቄ የሚጠይቅ ግን የሰውየውን ፈቃድ ማወቅ የፈለገ ሰው ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ሁሉ ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ ችሎታ የለውም የሚል ወገን ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው ይላል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሕግ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የታመመው ሰው ችሎታ እንዳለው ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ በጠፋበት አፍ ይጠየቃል።

* * *

ይህ በእኔ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በቤተ መንግሥትም ደርሷል። ዳግማዊ ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው በዚሁ ሕመም በተደጋጋሚ ተመትተዋል። በ1901 ዓ.ም. ገና ፈቃዳቸውን መግለጥ በሚችሉበት ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው በዐዋጅ አስነገሩ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ሕመሙ ክፉኛ ጣላቸው፤ አካላቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ እስከ ሞቱበት እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት ያህል የዐድዋው ድል አድራጊ በአልጋ ላይ ዋሉ። እቴጌ ጣይቱ በንጉሡ ስም ሾሙ፣ ሻሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሉ፤ ራስ ተሰማ ናደው በእንደራሴነት ቀጠሉ። ሁሉም የሚሠሩት በእኚያው በማይናገሩት ንጉሥ ስም ነበር። ሞታቸው እንኳ ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲጽፉ ማን ከማን ጋር እንደ ተሻረከ፣ ማን ማንን እንደ ጣለ ይተነትናሉ፤ ደግም ያደርጋሉ። እኔ ግን ከታመምሁ ወዲህ ይህን ታሪክ ሳነብ የማስበው ስለ አልጋው ነው። በዚያ አልጋ ዙሪያ ቆመው ሲነጋገሩ ያ ሰው ይሰማ ነበርን? አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «ጃንሆይ፣ ይህ ፈቃድዎ ከሆነ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ካልሆነ ይግለጡ» ቢላቸው ኖሮስ? ንጉሠ ነገሥት እንኳ ምላሱን ሲያጣ ስሙ ከፈቃዱ ተለይቶ ለብቻው መሄድ ይችላል። ስሙ ያዝዛል፤ እሱ ይተኛል።

* * *

የቤቱን ነገር ያዘገየው ሌላ ሐኪም ነው። ልጆቼን አስቀምጦ፣ የሞተውን የአንጎል ክፍል የሚያስነሣ መድኃኒት ህንድም ታይላንድም እንደሌለ፣ የተረፈው ክፍል ግን በልምምድ ብዙ የጠፋ ሥራ ሊወስድ እንደሚችል አስረዳቸው። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና ስድስት ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በዝግታ ይቀጥላል። «ጊዜና ትዕግሥት ስጡት» አላቸው።

ያን ጊዜ ነው የስሕተታችን መልክ የታየኝ። መሮጥ በነበረብን ሌሊት ጠበቅን፤ መጠበቅ በነበረብን ወራት ሮጥን። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰው የሚድነው በችኮላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቱ የሚመለሰው እስኪናገር በሚጠብቀው ሰው ትዕግሥት ነው። እኛ ሁለቱን አገላበጥናቸው። ደግሞም በእኔ ቤት ብቻ አይመስለኝም፤ በሽታን ንቀን በሽተኛን የምንቸኩልበት ቤት ብዙ ነው።

የጠበቀችኝ ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበረችው የልጅ ልጄ ናት። ፊደል ገበታዋን ይዛ አልጋዬ ላይ ትወጣና አስተማሪ ሆና ታስቆጥረኛለች። ሕፃን ስለ ሆነች ትቸኩል የለም፤ የምትሄድበት ስብሰባ የላትም። እኔ ዝም ስል እሷም ዝም ትላለች። አንድ ቀን በግራ እጄ ጣት ከ«ሀ» ተነሥቼ በየረድፉ እየወረድሁ ሁለት ፊደል አሳየኋት። አንደኛዋ «ጨ»፣ ሁለተኛዋ «ው»። ልጅቷ እየጮኸች ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ «አባባ ጨው አለ! አባባ ጨው አለ!»

ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለ ጨው ነበር ሽሮ የሚያበሉኝ። ባለቤቴ እጇን እየጠረገች መጣችና እንባ ባቀረረ ዓይን አይታኝ «አይሆንም፤ ሐኪም ከልክሎሃል» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም! ሰው እምቢ ለመባልም አስቀድሞ መደመጥ አለበት። ከዚያ ቀን በፊት እምቢ ያለኝ አልነበረም፤ የጠየቅሁት አልተሰማምና።

ከዚያ ወዲህ ፊደል ገበታው በቤታችን እንደ ሸንጎ ሆነ። ስለ ቤቱ ሲጠይቁኝም በሁለት በኩል እየጠየቁ፣ ነገሩን እያሳጠሩ፣ እስክመልስ እየጠበቁ ጠየቁኝ። «አይሸጥ» አልሁ። አልተሸጠም። ቃላቱ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። ዛሬ በከዘራ እሄዳለሁ። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ይውላል፤ የምጽፈው በግራ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የጎደለኝን ቃል ልጄ ቁጭ ብላ ጠብቃኛለች እንጂ አልሞላችልኝም። ጠዋት ጠዋት ዋናውን መንገድ ስሻገር ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክ እንኳ አንዳንድ ቀን ቆሞ ያሳልፈኛል። ሾፌሩ ጡሩምባ ሳይነፋ ሲጠብቀኝ፣ ያችን የውልና ማስረጃዋን ልጅ አስታውሳለሁ።

አዲስ አበቤ ሁሉ «ፓስተር» የሚለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ሊቁ ሉዊ ፓስተር በ1868 እ.ኤ.አ. ገና በ45 ዓመቱ በስትሮክ ግራ ጎኑ ተይዞ ነበር። ይሠራለት የነበረው ቤተ ሙከራም፣ ሰውየው አይተርፍም ተብሎ፣ ግንባታው ቆመ፤ በኋላ በንጉሡ ትእዛዝ ነው የቀጠለው። በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ያዳነው ግን ከዚያ በኋላ፣ በ1885 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው በተጎዳ አካሉ ነው። ይህን የምጠቅሰው ስትሮክ የመታው ሁሉ ፓስተር ይሆናል ለማለት አይደለም። እኔ ጨው ከመጠየቅ ያለፈ ግኝት የለኝም። ግን «አብቅቷል» የሚለውን ፍርድ ሰዎች የሚሰጡት ከሕመሙ ቀድመው መሆኑን ያሳያል።

* * *

አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። «ሁሉንም ነገር በሽተኛውን እየጠየቅን እንችላለን? ራሱን የሳተውስ? አእምሮውም አብሮ የተጎዳውስ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ሆስፒታል ልውሰድህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ፍርዱ በእርግጥ የተጓደለም አለ፤ ሕግም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞግዚት ያቆማል። በዚያ ላይ አስታማሚም ሰው ነው። ባለቤቴ ወገቧ እስኪቆረጥ እያገላበጠች አጥባኛለች፤ ልጄ ሥራዋን ትታልኛለች። የደከመው ሰው ቶሎ መወሰን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ስለ በሽተኛው የማይወስን አስታማሚ የለም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። መወሰን አንድ ነገር ነው፤ የወሰኑትን «እሱ ፈቅዷል» ማለት ሌላ። ልጄ «አባዬ፣ ሐሳብህን ማወቅ አልቻልሁም፤ እኔ ግን ይህ ይሻላል ብዬ ወሰንሁ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ቢለኝ ኖሮ ቢያሳዝነኝም ሰው አድርጎኝ ነበር። ውሳኔውን በራሱ ስም ይወስዳል፤ የእኔን ስም ለእኔ ይተውልኛል። «ፈቅዷል» ሲል ግን የገዛ ውሳኔውን በእኔ አፍ ተናገረ። ያልሰጠሁትን ፈቃድ የሰጠሁ አደረገኝ። ፈቃድን ባያገኙ እንኳ እንዳላገኙ ማወቅ ይገባል፤ ታማኝነት ከዚያ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ንጹሕ የተበደለ ሰው መስዬ ከሆነ አንባቢን አታልያለሁ። ለምን ቢባል እኔም በደሉን አስቀድሜ አድርጌዋለሁ። በ1988 ዓ.ም. እናቴን ቡልጋ ላይ ይኸው ሕመም መታት። ያን ጊዜ ስሙን አናውቀውም፤ «መጋኛ ነው» ተባለ። ቀኝ ጎኗ ሰለለ፣ አንደበቷ ተያዘ። እኔ ከተሜው ልጇ መኪና ተከራይቼ ሄድሁ፤ ላሟን ሸጥሁ፣ ቤቷን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁ፣ እሷን ቃሊቲ አመጣሁ። ከመነሣታችን በፊት ጠይቄአታለሁ። «እማዬ፣ እኔ ጋ ትሄጃለሽ አይደል?» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ይኸው እሺ አለች» ብዬ ለዘመድ ሁሉ አወራሁ።

ሁለት ዓመት ተኩል እኔ ቤት ኖረች። በደንብ ነበር የተያዘችው፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። በዚያን ሁሉ ጊዜ ግራ እጇን አንሥታ ወደ በሩ ታመለክት ነበር። «ፀሐይ ፈልጋ ነው» እንልና ከነወንበሯ ደጅ እናወጣታለን። ደጅ ሆናም እጇን አንሥታ ወደ አጥሩ በር ታመለክታለች። «መንገዱን ማየት ፈልጋ ነው» እንልና በሩን እንከፍትላታለን። ካሚዮን ሲያልፍ ታያለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና እጇን ታነሣለች። እኛ እንስቅ ነበር፤ «እማዬ አትጠግብም» እያልን።

እኔ ራሴ በተኛሁ ጊዜ፣ ግራ እጄን አንሥቼ የማይገባቸውን ነገር ሳሳያቸው፣ ያ እጅ ትዝ አለኝ። ወደ ቡልጋ ልሄድ ማለቷ ይሆን? ፀሐዩንም ሊሆን ይችላል። መንገዱንም ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ከቤቷ ስናወጣት ራሷን የነቀነቀችው እሺ ስትል ይሆን፣ ወይስ ያ ንቅናቄ የእሷ «እንግዲህ» ነበር? ይህን የሚነግረኝ የለም፤ እሷ ከተቀበረች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌ ደህና ነበር፣ ጊዜም ነበረኝ፣ እወዳትም ነበር። «እማዬ፣ እዚሁ ቤትሽ መቅረት ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት ምናልባት ሁለት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ አልጠየቅኋትም።